በአንቺ ስም የሄድኩበት ባሕር

ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ይህ ወረቀት እጅሽ እስኪገባ ስንት እጅ እንደሚያልፍ አላውቅም፤ ሰላምታዬ ግን ቀድሞት ይድረስሽ። እንዴት ነሽልኝ? ያ በቀዘፋ ብዛት የሚያብጠው የእጅሽ አንጓ ተሻለው ወይስ አሁንም በጨርቅ እያሰርሽው ነው የምትወጪው? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ወደ ወንዙ የሚወስደውን ደረጃ ያስወርዳታል? የቤትሽ አባወራስ ወገቤን ወገቤን ማለቱን ተወ? መንታዎቹ መጣላታቸውን፣ ትልቋ ልጅሽም መመዘዟን አላቆሙም አሉ። ሁላችሁንም በሐሳቤ አንድ በአንድ እየዞርኩ እስማችኋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል አካሌን ማለቴ ነው፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ያ ሳልም ለቆኛል። ሌላው ነገሬ ግን ደህና አይደለም፤ ይህንንም የምጽፍልሽ ስለሱ ነው።

እንደ ሌላው ጊዜ ቤተሰቡን ሰብስበሽ ጮክ ብለሽ አታንብቢው። መጀመሪያ ብቻሽን ሁኚና አንብቢው። ከዚያ በኋላ ለማን ምን እንደምትነግሪ አንቺ ታውቂያለሽ። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ ገና «አቤት የኔ እመቤት» ስትይኝ ወሬውን ወደ ዝናቡና ወደ ልጆቹ አዞርኩት። ድምፅሽን እየሰማሁ ከአፌ የሚወጣ ነገር አይደለም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ መርከባችን ከሁለት ወር ጉዞ ተመልሳ ወደብ በገባች ማግስት ነው። የመርከበኞች ማረፊያ ቤቱ ኃላፊ፣ ያቺ በወገቧ የቁልፍ መዓት አንጠልጥላ ስለምትዞር እማማ ቁልፍ የምንላት ሴትዮ፣ ገና በሩ ላይ ሳለሁ «የእህትሽ ደብዳቤ መጥቷል፤ የዛሬውስ ወፈር ይላል» ብላ ሰጠችኝ። እስከ ክፍሌ መታገሥ አቅቶኝ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። በጀልባ ሰው የሚያሻግር ሁሉ ፈቃድ ካላወጣ ከክረምቱ ማለቂያ በኋላ እንዳይሠራ መከልከሉን ጽፈሽልኛል። ጎረቤቱ «በዚህ ዕድሜሽ ደግሞ ፈተና?» እያለሽም ለመመዝገብ ሄደሻል። መዝጋቢው ግን ስምሽን፣ የልደት ቀንሽንና የትምህርት ማስረጃሽን ቁጥር አይቶ «በዚህ ስም እኮ የባሕር መኮንን ፈቃድ ከወጣ ቆይቷል፤ ሌላ ሰው ተመዝግባበታለች» ብሎ ወረቀትሽን መለሰልሽ። ከዚያም መጨረሻው ላይ እንዲህ ብለሻል፤ «መቼም መዝገባቸው ተምታቶ ነው። አንቺ እዚያው ስላለሽ እስቲ ጠይቂልኝ። ሴትየዋን ካገኘሻትም ሰላም በይልኝ፤ ሞክሼዬ ናት።»

እታለም፣ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሴትየዋ እኔ ነኝ።

በዚያ መዝገብ ውስጥ በአንቺ ስም፣ በአንቺ የልደት ቀን፣ በአንቺ ማስረጃ አሥራ ስድስት ዓመት የኖርኩት እኔ ነኝ። እዚህ ካፒቴኑም ወጥ ቤቱም የሚጠራኝ በአንቺ ስም ነው። አሁን ወረቀቱን አስቀምጠሽ ትንሽ ዞር ዞር በይ። የቀረውን ስትመለሺ ታገኚዋለሽ።

አባባ ዳር ላይ ተሳፋሪ ሲጠብቅ እኛ ጀልባው ውስጥ ያቆረውን ውሃ በቆርቆሮ እየቀዳን ስንደፋ የምታወሪልኝን ታስታውሻለሽ? ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍ ያነበብሽውን ነበር። በጥንት ዘመን አምስት መርከብ አሰልፋ የዘመተችውን ንግሥት፤ ብቻዋን በሸራ ጀልባ ዓለምን ስትዞር ማዕበል ገልብጧት ጀልባዋ መልሳ የተቃናችላትን ሴት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያቺን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የካፒቴን ሚስት። ባሏ በዓለም ላይ ክፉ በሚባለው ባሕር አፍ ላይ ታምሞ ወደቀ። ምክትሉ ቀድሞውኑ በጥፋት ታስሯል። እሷ ነፍሰ ጡር ናት። መርከበኞቹን ሰብስባ «እኔ እመራችኋለሁ፤ ትከተሉኛላችሁ ወይ?» አለቻቸው። ሃምሳ ቀን ልብሷን ሳትቀይር፣ በአንድ በኩል ባሏን እያስታመመች በሌላ በኩል ከዋክብትን እየለካች ያን የሚያህል መርከብ ወደብ አስገባችው። እኔ «አልፈራችም?» ብዬ ስጠይቅሽ ቆርቆሮውን ጉልበትሽ ላይ አስቀምጠሽ «ፈርታለች እንጂ። ግን ካርታ ማንበብ ትችል ነበር» አልሽኝ። ይህ አነጋገርሽ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

አንቺ ካርታ ማንበብ ትችዪ ነበር። የባሕር ትምህርት ቤቱን ፈተና ከአካባቢው ያለፍሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ማኅተም ያለበት የጥሪ ወረቀት ሲመጣ አባባ ለተሳፋሪ ሁሉ እያሳየ አንድ ሳምንት ሙሉ አሻገረ፤ ያላየ ሰው ማዶ አይደርስም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን እርጥብ ደረጃ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲያ በእግሩ አልቆመም። መቅዘፊያውን አንቺ አነሳሽው። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ የማጠናቀቂያ ፈተናዬን ወድቄ ቤት ተቀምጫለሁ። እኔም መቅዘፍ እችል ነበር። «እኔ ልቅዘፍ፤ አንቺ ሂጂ» ብል የሚከለክለኝ አልነበረም። አላልኩም። ክንዴ ቀጭን ነው፣ ሞገዱን አልችለውም እያልኩ እማዬ ጉያ ገባሁ።

የጥሪ ወረቀቱንና ማስረጃሽን በላስቲክ ጠቅልለሽ ሰጠሽኝ። «ሂጂና ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩልኝ ለምኚልኝ። አባታችን ታሟል በያቸው፤ ሰው ናቸው፣ ይሰማሉ» አልሽኝ። ዳቦ ጠቅልለሽ፣ ጃንጥላሽን አስይዘሽ አውቶቡስ አሳፈርሽኝ።

ቢሮው ረጅም አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ ጣሪያው ላይ ማራገቢያ የሚንቀጫቀጭበት ክፍል ነበር። ጸሐፊው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወረቀትሽን አነበበ። ማስረጃው ላይ ያለውን ፎቶሽን አየ። እኔን አየ። «አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

ለብዙ ዓመት ይህን ለራሴ ሳወራው «አፌ አመለጠኝ» እያልኩ ነበር። ደክሞኝ ነበር፣ አውቶቡሱ አንገላቶኝ ነበር፣ ሰውየው በቁጣ ስለጠየቀኝ ደነገጥኩ እያልኩ። ውሸት ነው፣ እታለም። የዚያን ዕለት ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ፀጉሬን በፎቶው ላይ እንዳለው እንደ አንቺ ወደ ኋላ አሲዤው ነበር። መስተዋቱ ፊት ቆሜ ከማስረጃው ጋር አስተያይቼዋለሁ። እማዬ አይታኝ «ዛሬስ ቁርጥ እህትሽን መሰልሽ» ብላ ሳቀች። ማታለሉን ቤታችን ውስጥ ነው የጀመርኩት።

ከዚህም የባሰ አለ። ያ ጸሐፊ ክፉ ሰው አልነበረም፤ «አዎ» ካልኩት በኋላ ፊቴ መገርጣቱን አይቶ «ምነው፣ ቤት ችግር አለ እንዴ? ካለ ለአንድ ዓመት ማቆየት ይቻላል፤ ይህቺን ቅጽ መሙላት ነው» ብሎ አንድ ገጽ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። የተላክሁበት ነገር እጄ ላይ ነበር። እስክሪብቶውም እዚያው ነበር። «የለም፣ ችግር የለብኝም» ብዬ ወረቀቱን መለስኩለት።

ቤት ስገባ አባባን በማንኪያ እያጎረስሽ ነበር። «አይቆይም ብለዋል፤ ደንብ ነው አሉ። ግን አዝነውልኝ እኔን በወጥ ቤት ሠልጣኝነት ተቀብለውኛል» አልኩሽ። ይህን በአውቶቡሱ ውስጥ ስደጋግመው ስለመጣሁ ምላሴን አልያዘኝም። አንቺ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጥሽ። ከዚያ «ለኔ ካልሆነ ለአንቺ መሆኑ ምን ይከፋል» አልሽና ለጉዞ የገዛሽውን ሱሪ አውጥተሽ በቁመቴ ልክ ታሳጥሪልኝ ጀመር። ከእግሩ የተረፈውን ጨርቅ እንኳን አልጣልሽውም፤ የውስጥ ኪስ አደረግሽልኝ። ያንን ሱሪ ለብሼ ነው የሄድኩት። በኋላ በየደብዳቤው ሥራዬን ከወጥ ቤት ወደ ሠልጣኝ መኮንን፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛ መኮንን አሳደግሁት፤ አንቺም «ጎበዝ ስለሆንሽ ነው» እያልሽ ትጽፊልኝ ነበር።

አንድም ቀን ቀሎኝ አያውቅም ብል እዋሻለሁ፤ የቀለለኝ ጊዜም ነበር። ሰው ስም ይለምዳል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ስምሽ ሲጠራ አንቺ የመጣሽ መስሎኝ ወደ በሩ እዞር ነበር። ልደትሽ ሲደርስ ጓደኞቼ ያከብሩልኛል፤ በአንድ ጀንበር ሦስት ዓመት አርጅቼ የለ? ፎቶ ስልክልሽ ሁልጊዜ ፊቴ ብቻ የሆነው ለምን እንደሆነ አሁን ይገባሻል፤ ደረቴ ላይ ስምሽ የተጻፈበት ካርድ አለ። «ደብዳቤ ስትልኪ በእማማ ቁልፍ ስም አድርጊው፤ መርከብ ላይ ይጠፋል» ያልኩሽም ለዚሁ ነው። ምንም የሚጠፋ ነገር አልነበረም።

ራሴን የማጽናናው ደግሞ በአንቺው ወሬ ነበር። ያቺን የዕፅዋት አዋቂ ረዳት ታስታውሻለሽ፤ ሴት በመርከብ አይሄድም ሲባል ደረቷን አጥብቃ አስራ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ወንድ ነኝ ብላ የተሳፈረችውን፤ በመጨረሻም ዓለምን የዞረችውን። «እሷም አልዋሸችም እንዴ? ባትዋሽ መች ባሕር ታይ ነበር?» እላለሁ። ብዙ ዓመት ይህን እንደ ትራስ ተንተርሼው ተኝቻለሁ። ግን እሷ የለበሰችው ልብስ የማንንም ገላ አላራቆተም። እኔ የለበስኩት ስም ባለቤት ነበረው፤ ባለቤቷም በዚያው ሰዓት ወንዝ ላይ እየቀዘፈች ነበር።

አሁን የምነግርሽን ግማሹን ታውቂዋለሽ። ባሕር ላይ በዋልኩ በሰባተኛው ዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ ተረኛ ሆኜ በመሪው ክፍል ቆሜ ሳለሁ በስተግራ ውሃው ላይ የማይሆን ቀለም አየሁ። ራዳሩ ምንም አያሳይም። ካፒቴኑን አስጠራሁና መርከቧን አዞርን፤ የተገለበጠ የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ነበር፤ አምስት ሰዎች ሆዱ ላይ ተጣብቀዋል። በነፍስ አድን ጀልባ የወረድነው እኔና ጓንቱን ስለማያወልቅ ጓንት የምንለው የመርከበኞች አለቃ ነን። ሞገዱ እያነሳ ሲያፈርጠን የምሠራውን የነገረኝ ትምህርት ቤቱ አይደለም፤ አንቺ ነሽ። «በጎን አትጠጊ፤ ከነፋሱ በታች ዞረሽ በአፍንጫዋ ግቢ» ትዪኝ የነበረውን አደረግሁ። አምስቱም ተረፉ። ይህን ጽፌልሽ ለመንደሩ ሁሉ አነበብሽው አሉ።

ያልጻፍኩልሽ ይህ ነው። ለዚያ ሥራ የመርከብ ድርጅታችን የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ፤ በትልቁ በአንቺ ስም ተጽፎ በቢሮው ኮሪደር ላይ ተሰቅሏል። ከአምስቱ አንዱ ደግሞ ሚስቱ በዚያው ሰሞን ወልዳ ነበርና በወደቡ ወኪል በኩል መልእክት ላከ፤ «ልጄን በአዳኛችን ስም ጠራኋት» ይላል። ያቺ ልጅ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። በማላውቀው አገር አንዲት ልጅ በስምሽ ትጠራለች፤ እኔን ብሎ ነው እንጂ አንቺን መች ያውቅሻል? መልእክቱን ያነበብኩ ዕለት መታጠቢያ ክፍል ገብቼ በሩን ቆልፌ ተቀመጥኩ። ጓንት ያለቀስኩት በደስታ መስሎት ሻይ ይዞልኝ መጣ።

አባባ ሲያርፍ ከቀብሩ ሦስት ቀን ዘግይቼ ደረስኩ። አንቺ ጀልባው ማሰሪያ ላይ ተቀምጠሽ ነበር፤ ከጎንሽ ተቀመጥኩ። «እስከ መጨረሻው ባሕረኛዬ ትመጣለች ሲል ነበር» አልሽኝ። ቀጥለሽም ያለ አንዳች ቅሬታ «ያኔ ቢያቆዩልኝ ኖሮ ማን ያውቃል፤ ብቻ እንኳንም አንዳችን ሆንነው» አልሽ። በዚያች ሰዓት መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼም ነበር። አንድ ተሳፋሪ ከማዶ ተጣራና ተነስተሽ ሄድሽ፤ እኔም ሰውየውን በልቤ አመሰገንኩት። ከዚያ በኋላ አገር ቤት ያልተመለስኩት የእረፍት ፈቃድ አጥቼ አይደለም።

ወደ ደብዳቤሽ ልመለስ። አንብቤው ወዲያው ተነስቼ እውነቱን ተናገርኩ ብልሽ ደስ ባለኝ። አላደረግሁትም። በማግስቱ ወረቀት አውጥቼ «ጠየቅሁልሽ፤ እውነትም ሞክሼ ናት፤ ማስተካከሉ ዓመታት ይፈጃል አሉ» ብዬ ጻፍኩልሽ። አሸግሁት፤ ቴምብር ለጠፍኩበት። ሰባት ቀን ሳልልከው ኪሴ ይዤው ዞርኩ። ክረምቱ ሲወጣ ጀልባዋን እንደሚያስሩብሽ፣ መንታዎቹና እማዬ በምን እንደሚኖሩ እያወቅሁ ነው የዞርኩት።

በስምንተኛው ቀን የባሕር ትምህርት ቤቱ አዲስ ለገቡ ሴት ሠልጣኞች ንግግር አድርጊ ብሎ ጠራኝ። አዳራሹ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ በግድግዳው ዙሪያ በየዘመኑ የነበሩ ሴት መርከበኞች ሥዕል ተሰቅሏል። አንቺ የነገርሽኝ ሁሉ እዚያ አሉ። ንግሥቲቱ አለች። ደረቷን ያሰረችው አለች። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷም አለች፤ እኔ ግዙፍ አድርጌ ነበር የማስባት፣ ሥዕሉ ላይ ግን ልጅ እግር ናት፣ ፊቷ የደከመ ነው። እኔም በአንቺ ቃል፣ አንቺ በምታቆሚበት ቦታ እያቆምኩ፣ «ግን ካርታ ማንበብ ትችል ነበር» የሚለውን ሳይቀር ነገርኳቸው። ልጆቹ ወደ ፊት አዘንብለው ሰሙኝ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ይህን ሁሉ ማን ነገረሽ?» አለችኝ። «ታላቅ እህቴ» አልኳት። «እሷም መርከበኛ ናት?» አለችኝ። «ናት፤ ወንዝ ላይ» አልኳት። ልጅቷ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ «ስሟን ንገሪን፤ ልጻፈው» አለችኝ።

እታለም፣ ስምሽ ደረቴ ላይ ተሰክቶ ስምሽን መጥራት አቃተኝ። አስተማሪዋ ደክሟታል ብላ ውሃ አመጣችልኝ፤ ልጆቹም አጨበጨቡልኝና ወጣሁ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ መርከቡ ሄድኩ። ካፒቴናችን ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው፣ ከሰላምታ በቀር ቃል የማያባክን፣ የክብሪት እንጨት ሲያኝክ የሚውል ሰው ነው። በሩን ዘግቼ ከፀጉሬ አያያዝ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኩት። እስክጨርስ አላቋረጠኝም። እንጨቱን ከአፉ አውጥቶ «እህትሽ ታውቃለች?» አለኝ። «አታውቅም» አልኩት። «ተረኛ ሆነሽ የቆምሽበትን ሰዓት ማንም አይነጥቅሽም፤ የሠራሽው ሥራ ነው። ስሙን ግን መልሺ። ነገ አይደለም፣ ዛሬ» አለኝ። ኮቱን ለበሰና እስከ መሰላሉ ድረስ ሸኘኝ። እጄን ጨብጦ ስሰናበተው በስሜ ሊጠራኝ ፈልጎ ቆመ፤ የትኛውን እንደሚል ስላላወቀ ራሱን ነቀነቀልኝ።

መዝገብ ቤት ያለችው ሹም ወጣት ናት። የምለውን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፤ እብድ የመሰልኳት ይመስለኛል። ከዚያ ቃሌን ጻፈችና «ፈርሚ፤ በራስሽ ስም» አለችኝ። እስክሪብቶውን ይዤ ፊደሉ ጠፋኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ያልጻፍኩትን ስም እንደ ጀማሪ ተማሪ አንድ በአንድ ለቀምኩት። ፈቃዴን፣ የደረት ካርዴን፣ የትከሻ ምልክቴን አስረክቤ ወጣሁ።

አሁን ያለሁበትን ልንገርሽ። ጉዳዬ ለዲሲፕሊን ጉባኤ ቀርቧል፤ ከሁለት ወር በኋላ ይታያል። ክስ ሊኖር ይችላል ተብያለሁ። ቢቀናኝ በራሴ ስም ከፊደሉ ልጀምር እችል ይሆናል፤ ባይቀናኝ ባሕሩ ቀርቶብኛል። እስከዚያው በመርከብ ማደሻው ዝገት እፍቃለሁ። እማማ ቁልፍ ስትሰማ ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ በሦስተኛው ቀን «በገዛ ስሜ ደብዳቤ ስታስቀብዪኝ ኖረሽ እኔንም የሌብነትሽ ተባባሪ አደረግሽኝ» ብላ ተቆጣችኝ፤ ከዚያ ሾርባ ሰጠችኝ። እውነቷን ነው።

ይህን ልብ ብለሽ ስሚኝ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከመዝገብ ቤቱ ቅጽ ይመጣልሻል። ከታች ሁለት ባዶ ሳጥን አለው፤ አንዱ «አውቄ ፈቅጄላት ነው» ይላል፣ ሌላው «አላውቅም ነበር» ይላል። የሠራተኛ ማኅበሩ ሰውዬ «እህትሽ ፈቅጃለሁ ካለች ነገሩ በጣም ይቀልልሻል፤ ጻፊላት» ብሎ መክሮኛል። የምጽፍልሽ ተቃራኒውን ነው። አውቅሻለሁ፤ ተቆጥተሽ፣ አልቅሰሽ፣ በመጨረሻ «ልጅ ነበረች እኮ» ብለሽ የመጀመሪያው ሳጥን ላይ ምልክት ልታደርጊ ትችያለሽ። እንዳታደርጊው። አውቃለሁ ካልሽ አንቺም የማጭበርበሩ ተካፋይ ትሆኛለሽ፤ የጀልባዋን ፈቃድ ይከለክሉሻል። ደግሞም አታውቂም ነበር። ባለፈው ዋሽቼ ወስጄብሻለሁ፤ አሁን ደግሞ ለኔ ስትዪ ውሸታም እንድትሆኚ አልፈልግም። «አላውቅም ነበር» የሚለው ላይ አድርጊና ፈርሚ።

ፈተናው ከባድ አይደለም፤ ለአንቺ ማለቴ ነው። የማዳን ጥያቄ አይቀርም፤ በአፍንጫ ስለ መግባት ትዪኝ የነበረውን ጻፊው። ከቀኝሽ ለሚመጣ ጀልባ መንገድ የምትለቂው አንቺ ነሽ፤ በጭጋግ ፍጥነት ቀንሰሽ ድምፅ ማሰማት አለብሽ። የመብራቶቹን ቀለም በሌላ ወረቀት ሥዬ አያይዣለሁ። ትልቋ ልጅሽ እየጠየቀች ታስጠናሽ።

ይቅር በይኝ ለማለት ጊዜው ገና ነው፤ ቃሉን አሁን ባወጣው አንቺን ማስጨነቅ ይሆንብኛል። ብትቆጪ እችለዋለሁ። ብትዘጊኝም አልፈርድብሽም።

ለእማዬ ጉልበቷን ስመሽ ሰላም በይልኝ፤ ከነገርሻት በኋላ አልፈልግም ካለች ግን አታስገድጃት። ለቤትሽ አባወራ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሸክም ሲያነሳ ጉልበቱን ይጠፍ፣ ወገቡን አይደለም። ለትልቋ ልጅሽ፣ ያክስቷን ወሬ ከሰው አፍ ሳትሰማ አንቺ ራስሽ ንገሪያት። መንታዎቹን ግራና ቀኝ ጉንጫቸውን፣ ማንም እንዳይበልጥ እኩል አድርገሽ ሳሚልኝ። ለአባባ መቃብር አረሙን ስትነቅዪለት እኔንም አስቢኝ።

መልስ ለመጻፍ አትቸኩይ። ፈተናው ይቀድማል።

ታናሽ እህትሽ

ከወደቡ፣ ከመርከበኞች ማረፊያ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ
ሐምሌ 9 ቀን